ነውሩ የማን ነው?
ስለ እመ ምኔት ወለተ ጴጥሮስ፤ ከቢቸናና ከሞጣ ተማሪዎች

በአገራችን የሴት ስም የሚነሣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የእገሌ ሚስት ወይም የእገሌ እናት በመሆኗ ነው፤ ሁለተኛው በነውር ነው። ከዚህ ውጭ በራሷ ዕውቀትና በራሷ ቁርጥ አሳብ የኖረች ሴት ብትገኝ ወይ ትረሳለች፤ ወይም ጊዜ ተጠብቆ አንድ ነውር ይፈለግላትና በዚያ ትታወሳለች። ይህን የምንለው ለማጋነን አይደለም። የእመ ምኔት ወለተ ጴጥሮስ ነገር ምስክራችን ነው።

ውድ ጓደኞቻችንና የተከበራችሁ መምህራን፤ ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወለተ ጴጥሮስን ገድል ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ አወጣው። ተርጓሚዎቹ ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር ይባላሉ። ወይዘሮ ቤልቸር በመጽሐፉ መግቢያና በሌሎች ጽሑፎቻቸው፥ በወለተ ጴጥሮስና በባልንጀራዋ በእኅተ ክርስቶስ መካከል የነበረው ፍቅር ተራ ወዳጅነት እንዳልነበረ፥ በገድሉ ውስጥም ስለ መነኮሳይያት የሥጋ ፍላጎት የሚናገር አንድ ክፍል እንዳለ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ከምሁራንም ወገን «ግዕዙ ያላለውን ነው፤ ቅድስቲቱን መስደብ ነው» የሚል ቁጣ ተነሣ። በሌላው ወገን ደግሞ «ታላቅ ግኝት ነው» የሚል ጭብጨባ ተሰማ። እነሆ ከዚያ ወዲህ የወለተ ጴጥሮስ ስም በተማሪ መካከል ሲጠራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያቺ ነገረኛዋ መጽሐፍ የተጻፈባት ናት?» የሚል ሆኗል።

የሃምሳ ዓመት ሕይወት፥ ከንጉሥ ጋር የተደረገ ሙግት፥ ስደትና ግዞት፥ ሰባት የሚሆኑ ማኅበራትን ማቋቋም፥ ይህ ሁሉ በአንድ ክርክር ተሸፈነ። እኛ ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች ይህን በዝምታ ልናልፈው አልቻልንም። ምክንያታችንን እንዘረዝራለን።

መጀመሪያ፥ ይህች ሴት ማን ነበረች? 

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከታላላቅ ሰዎች ወገን ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፥ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ገና በወጣትነቷ ለአፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አለቃ ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በዚያ ዘመን ንጉሡ ከኢየሱሳውያን መነኮሳት ጋር ተወዳጅቶ ወደ ሮም ሃይማኖት ያዘነብል ነበር። ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ስምዖን ይህን ተቃውመው ከዓመፀኞች ጋር ቆሙና በ1617 በጦርነት ተገደሉ። ገድሉ እንደሚነግረን የተገደሉት ጳጳስ ልብስ በመልክአ ክርስቶስ እጅ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ባወቀች ጊዜ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ መኝታ አልተኛም አለች።

ትዳሯንም ትታ ወጣች። አስቀድማም ወጥታ ነበር፤ ነገር ግን ባሏ የተጠለለችበትን አገር ሰው ስላስጨነቀ ድኻ በእርሷ ምክንያት እንዳይጠፋ ብላ ተመልሳ ነበር። በኋላ ግን ፈጽማ ሄደች፤ ጠጕሯን ተላጭታ ቆብ ደፋች። ከዚያም ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ተገናኘች፤ እኅተ ክርስቶስም እንደ እርሷ ትዳሯን ትታ የመነነች ነበረች። ሁለቱ እስከ ሞት አልተለያዩም።

በ1622 ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት መቀበሉን በይፋ አወጀ። በ1625 ፓትርያርክ ሜንዴዝ መጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡ ከፊቱ ተንበርክኮ ለሮም መታዘዙን በመሐላ አረጋገጠ። ወለተ ጴጥሮስ በየአገሩ እየዞረች ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለቅ አስተማረች፤ የንጉሡም ስም በቅዳሴ ላይ እንዳይጠራ ተናገረች። በዚህ ምክንያት ተከስሳ በንጉሡ ሸንጎ ፊት ቆመች፤ ከሞት የዳነችው በዘመዶቿ ልመና ነው። ፓትርያርኩም ራሱ በትምህርት ሊያሸንፋት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻም በምዕራብ ጠረፍ ወዳለው ወደ ቆላው ዠበይ ተጋዘችና ሦስት ዓመት ቆየች። በረሃው ይገድላታል ተብሎ የተላከችው ሴት በዚያው በግዞት አገር ሰው ተሰበሰበላትና የመጀመሪያውን ማኅበር አቋቋመች።

በ1632 በወይና ደጋ ጦርነት 8,000 ያህል ሰው ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ወለተ ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል በጣና ዙሪያ ወንዶችና ሴቶች የሚኖሩባቸውን ማኅበራት በእመ ምኔትነት ስትመራ ቆይታ በኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። የዕድሜዋን ግማሽ የኖረችው በምንኩስና ነው። ገድሏንም በ1672 ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ፥ እርሷን ያዩትንና ያገለገሉትን ሰዎች ጠይቆ ጻፈው።

እንግዲህ ሁለተኛ፥ በራሷ ዘመን ነውር የተባለው ምን ነበር? ይህን መጠየቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ወለተ ጴጥሮስ ስሟ በሃይማኖት ሁከት የገነነው በ2015 አይደለም። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ነው።

የመጀመሪያው ነውር ባል መተው ነበር። የጨዋ ልጅ፥ የጦር አለቃ ሚስት፥ ባሏ ሳይፈታት፥ በሌሊት ወጥታ ትጠፋለች? ሁለተኛው ነውር ንጉሥን መቃወም ነበር። ወንድ ቢያደርገው ዓመፅ ይባላል፤ ሴት ስታደርገው ግን ዓመፅም ድፍረትም ነው፤ ድፍረቱ ከዓመፁ ይብሳል። ሦስተኛው ነውር ማስተማር ነበር። ይህ የመጨረሻው እጅግ ያስገርማል። ንጉሡ ተሸንፎ፥ ኢየሱሳውያን ተባርረው፥ ሃይማኖቱ ከተመለሰ በኋላ፥ ከራሷ ወገን የሆኑ ሰዎች ተነሥተው «ሐዋርያው ጳውሎስ ሴት እንዳታስተምር ከልክሎ የለምን? ይህች እንዴት ታስተምራለች? እንዴትስ በወንዶች ላይ ትሾማለች?» ማለታቸውን ገድሉ ራሱ ይነግረናል። መልሱን የሰጡት በዘመኑ በሊቅነታቸው የታወቁት አባ ፈትለ ሥላሴ ናቸው፤ እግዚአብሔር ያስነሣትን ሰው ሊከለክል አይችልም ብለው ተሟገቱላት።

አስተውሉ! ሃይማኖቱ በጭንቅ ላይ ሳለ፥ ብዙ መኳንንት ከንጉሡ ጋር ሲያዘነብሉ፥ ድምፅዋ ይፈለግ ነበር። ጭንቁ ሲያልፍ ግን «ሴት ናት» ተባለች። ይህ የ17ኛው መቶ ዘመን ነገር ብቻ ነውን? በአርበኝነት ዘመን ስንቅ ያመላለሰችው፥ ቁስለኛ ያስታመመችው፥ መሣሪያ ይዛ የተዋጋችው ሴት ከድል በኋላ ወዴት እንደ ተመለሰች እያንዳንዱ ተማሪ አያቱን ይጠይቅ።

ሦስተኛ፥ ስለ አሁኑ ክርክር የሚመስለንን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ለቁጡዎቹ የምንለው ይህ ነው። የምትወዱትን ሰው ስም መጠበቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን መጽሐፍ በመጽሐፍ ይመለሳል እንጂ በጩኸት አይመለስም። ግዕዙ ተሳስቶ ተተርጉሟል ከተባለ፥ ቃሉ ይህ ነው፥ አገባቡ ይህ ነው፥ በእገሌ ገዳም ያለው ብራና እንዲህ ይላል ብሎ ማሳየት ይቻላል። ይህን ያደረጉ ጥቂት ሊቃውንት አሉ፤ እናመሰግናቸዋለን። የቀረው ግን «ገድሉን አንብበኸዋል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ዓይኑን ወደ ጣሪያ የሚሰቅል ነው። ያላነበብነውን መጽሐፍ ልንከላከልለት አንችልም። ደግሞም ይህ ክርክር የተነሣበት ክፍል፥ ማናቸውንም ትርጉም ብትሰጡት፥ እመ ምኔቷ በሌሎች ላይ አይታ ያዘነችበትን የሚናገር ነው እንጂ እርሷን የሚከስ አይደለም። ይህንን እንኳ ለይቶ የማያውቅ ጠበቃ ለተከሳሹ ምን ይጠቅማል?

ለአጨብጫቢዎቹም የምንለው አለን። የገዳም ቋንቋ የራሱ ጠባይ አለው። በገድላት ውስጥ ቅዱሳን ሲገናኙ ይተቃቀፋሉ፥ ያለቅሳሉ፥ የአንዱ ልብ በሌላው ፍቅር ይነደዳል፥ ሲለያዩም ነፍሳቸው የወጣች ይመስላቸዋል። ይህ ወንድ ከወንድ፥ ሴት ከሴት፥ መምህር ከደቀ መዝሙሩ ጋር ሲገናኙ ሁሉ የሚነገር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቃሉን በአሁኑ ዘመን ሚዛን ቢመዝነው ሚዛኑ ይሳሳታል። የዛሬን ስም ለትናንት ሰው ለመስጠት ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ «ይመስለኛል» አይበቃም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፥ ንጉሥና ፓትርያርክ ያላንበረከኳትን ሴት ታሪክ ስታነብቡ ያስደነቃችሁ የመኝታዋ ነገር ብቻ ከሆነ፥ እናንተም ከዚያ ከጥንቱ ሐሜተኛ አልራቃችሁም።

ፍርድ እንዳናጣምም ደግሞ ይህንንም እንጨምር። ተርጓሚዎቹ ብዙ ደክመዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 ያሳተመው የግዕዙ ንባብና ሪቺ በ1970 ያወጣው የጣልያንኛ ትርጉም ነበር። አዲሶቹ ተርጓሚዎች ተጨማሪ ብራናዎችን አስተያይተዋል፤ «ገድል» የሚለውንም ቃል በትክክል «ተጋድሎ» ብለው ተርጉመውታል። በእነርሱ ድካም ምክንያት የዓለም ተማሪ ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት በኢትዮጵያውያን የተጻፈ የ17ኛው መቶ ዘመን የሕይወት ታሪክ መኖሩን ዐውቋል። የሚያሳፍረው እንግዳ ሰው መጥቶ ማንበቡ አይደለም። የሚያሳፍረው የቤቱ ልጅ ቀድሞ አለማንበቡ ነው። ነውሩ የማን ነው ብለን የጠየቅነው ስለዚህ ነው።

አራተኛ፥ «ወለተ ጴጥሮስ የጣና ሰው ናት፤ ቢቸናንና ሞጣን ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን ሩቅ አይደለም።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው እየተባለ ሲወደስ ሰምተን አድገናል። ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ወርቅ ማርያም፥ መርጡለ ማርያም፥ ሞጣ ጊዮርጊስ፥ እነዚህ የምሥራቅ ጎጃም አድባራት ስማቸው ከትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ግዕዙን ማን ያውቀዋል ቢባል የእኛ አገር የኔታዎች ያውቁታል። እንግዲህ የወለተ ጴጥሮስን ገድል አንብቦ፥ ተርጉሞ፥ ለድኻው ሕዝብ በአማርኛ ሰጥቶ፥ በክርክሩም ላይ የመጨረሻውን ቃል ሊናገር የሚገባው ከቢቸናና ከሞጣ ምድር የተነሣ ሊቅ ነበር።

ደግሞስ እነዚህ አድባራት የማን ሥራ ናቸው? መርጡለ ማርያም ከንግሥት እሌኒ ስም ጋር የተያያዘች ናት። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበረች፤ ከእስላም ቤት ወጥታ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች፤ በልጅነቱ ለነገሠው ለልብነ ድንግልም ሞግዚት ሆና መንግሥቱን ስትመራ፥ በ1509 ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ የላከች አስተዋይ ሴት ናት። የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር ያቋቋመችው ደግሞ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናት። እርሷም በነውር የተጠቀሰች ሰው ናት። እናቷ እቴጌ ምንትዋብ አፄ በካፋ በ1730 ከሞተ በኋላ የባሏን የእኅት ልጅ ግራዝማች ኢያሱን ወደደች፤ መኳንንቱም ሰውዬውን «ምልማል ኢያሱ» ብለው ተዘባበቱበት። ወለተ እስራኤል ከዚያ ፍቅር ከተወለዱት ሴቶች ልጆች አንዷ ናት። ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳረች፤ ታላቁ ራስ ኃይሉም ልጇ ነው። ሐሜቱ ከጎንደር አልፎ የትም አልደረሰም፤ ደብሯ ግን ከተማ አፈራ። የሞጣ ልጅ ሁሉ በዚያች ሴት ሥራ ጥላ ሥር ያደገ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሴት ደብር ስትተክል ተቀበልናት፤ በተከለችው ደብር ግን ሴት ልጅ ተቀምጣ ቅኔ እንድትቈጥር ስንት ጊዜ ፈቀድን? የቅኔው ጎጆ የወንድ ነው። ደበሎ የሚለብሰው፥ አኩፋዳ የሚያነግበው፥ ከመንደር ውሻ ጋር የሚታገለው ወንድ ልጅ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ያወጡት ተማሪዎቹ ባይሆኑም ሲደግሙት ኖረዋል።

ይህ ተረት ውሸት መሆኑን ለማወቅ ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነበሩ። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ከዚያ በኋላ ራሳቸው የቅኔ መምህር ሆነው ወንዶችን አስተምረዋል። እርሳቸው ቅኔ ሲዘርፉ ዕውቀቱ በወንድ አለቀ ወይ? ዓይናቸው የማያይ አንዲት ሴት ይህን ከሠሩ፥ ዓይናቸው የሚያዩት ስንት መሥራት ይችሉ ነበር? አንዲቷን እያሞገሱ ሺውን በር ላይ ማቆም ምስጋና አይባልም።

በጎጃም እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ይወረድ ነበር። ሽማግሌዎች ትውልድ ሲቈጥሩ የሴቲቱን ደም አይዘልሉም ነበር፤ ከእናት የመጣ መሬት አይናቅምና! መሬቱን ሲሹ የሴትን ደም የቈጠሩ፥ ትምህርቱ ላይ ሲደርሱ የሴትን አእምሮ መቍጠር እንዴት ተሳናቸው?

ደግሞም የእኛ አገር ሰው «እምቢ» ማለትን የማያውቅ አይደለም። የቢቸናው ልጅ በላይ ዘለቀ፥ አባ ኮስትር፥ ለፋሽስት አልገዛም ብሎ ዱር ገባ፤ ዛሬ ስሙ በፉከራ ይጠራል። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አንቀበልም ብለው ተነሡ፤ የመንግሥት ጦር መጣባቸው፤ ቢሆንም አልተበገሩም። ይህ ሁሉ ጀግንነት ይባላል፤ ነውም። ወለተ ጴጥሮስ ያደረገችው ከዚህ በምን ይለያል? እርሷም አልገዛም ብላ ዱር ገባች። እርሷም አዋጅ አልቀበልም አለች። ልዩነቱ ጠመንጃ አለመያዟና ሴት መሆኗ ብቻ ነው። ለወንዱ «እምቢ ባይ» የሚባለው ቃል ለሴቲቱ ሲሆን «እምቢተኛ» ይሆናል፤ አንዱ ማዕረግ ነው፥ ሌላው ስድብ ነው።

አምስተኛ፥ ነገሩ የታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። ሕጉ አለ፤ ነገር ግን ሕጉ ወደ ሠርጉ አይጠራም። ከእኛ ጋር በአንድ መደብ ተቀምጠው ፊደል የቈጠሩ፥ በሒሳብም በንባብም የሚበልጡን ልጃገረዶች ከስድስተኛና ከሰባተኛ ክፍል ጠፍተው በሚቀጥለው ዓመት ጠበል ሲቀዱ ልጅ አዝለው ያገኘናቸው ጥቂት አይደሉም። ከመካከላቸው አንዷ ያልወደደችውን ባል ትታ ወደ ከተማ ብትሸሽ አገሩ ምን ይላታል? «ኰብላይ» ይላታል። በሻይ ቤት ሥራ ይዛ ብትገኝ ደግሞ ሌላ ስም ይጨመርላታል። ያዳሯትን፥ የተቀበላትን፥ ሠርጉን የበላውን ግን ማንም ስም አይሰጠውም።

ለዚህች ልጅ የወለተ ጴጥሮስ ታሪክ ምን እንደሚነግራት አስቡት። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ቅድስት ብላ የምታከብራት፥ ቆራጣ በስሟ ደብር የቆመላት እናት፥ በሕሊናዋ የማይስማማትን ቤት ትታ በሌሊት የወጣች ሴት ናት። ይህ ከባዕድ አገር የመጣ የሥልጣኔ ስብከት አይደለም፤ በብራና ላይ በግዕዝ የተጻፈ የገዛ ቅርሷ ነው። እንግዲህ የነውሩ ክርክር ያደረገው ጉዳት ይህ ነው። ቁጡውም አጨብጫቢውም ሳያውቁት ይህን መጽሐፍ ከዚህች ልጅ እጅ ነጥቀውታል። አባቷ ስሙን ሲሰማ «ያ የነውር መጽሐፍ» ብሎ ከቤቱ ያስወጣዋል። መጽሐፉ የሚጠቅማት ሰው ሳታየው በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። ከተማሪው ወገን «ይህ የደብተራ ነገር ነው፤ የኑሮ ውድነትና የሥራ ማጣት እያለ ስለ መነኩሲት እናወራለን?» የሚል ይኖራል። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው በሰልፍ የወጡት ተማሪዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ነገር ግን የሴት ነገር ከመሬቱ በኋላ፥ ከለውጡ በኋላ፥ ከድሉ በኋላ እየተባለ ሲተላለፍ ስንት ዘመን እንዳለፈ ቍጠሩ። «በኋላ» የሚባለው ቀን በቀን መቍጠሪያ ላይ የለም። የገጠሩን ሕዝብ ልንለውጥ ከሆነ ደግሞ ሕዝቡ በሚያከብረው ቋንቋ መናገር አለብን፤ የሞጣ እናት ከየትኛውም ፈላስፋ ይልቅ ገድል ታምናለች።

ከሽማግሌዎች ወገን ደግሞ «ልጃገረድ እንደ ቆሎ ተማሪ አገር ለአገር ብትዞር አደጋ ያገኛታል» የሚል ይመጣል። እውነት ነው፤ ያገኛታል። ነገር ግን አደጋውን የሚያመጣው ማን ነው? አደጋ አድራሹ እንዲፈራ ማድረግ ሲገባ ተማሪዋ እንድትቀር መፍረድ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው? ደግሞም ሁሉም መዞር የለበትም። ልጅ በአጥቢያዋ ደብር ውላ ከእናት ከአባቷ ቤት ልታድር ትችላለች። እማሆይ ገላነሽም የተማሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው በጣም ግልጥ ነው።

አንደኛ፤ የተማሪዎች ማኅበራችን በዚህ ዓመት አንድ የግዕዝ ንባብ ክበብ ያቋቁም፤ ሴቶች ተማሪዎችም በእንግድነት ሳይሆን በአባልነት ይግቡ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ይሁን፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ይነበብ፤ ክርክር የተነሣበት ክፍል ሲደርስ አይዘለል፤ በብራናውና በሰዋስው ይመርመር።

ሁለተኛ፤ የቋንቋና የታሪክ መምህራኖቻችን፥ ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጋር ተቀምጠው ግዕዙና አማርኛው ጐን ለጐን ያለበት፥ ዋጋው የድኻ ኪስ የሚችለው እትም እንዲዘጋጅ ይርዱን። ማባዣ መሣሪያው በማኅበሩ ቤት አለ፤ ወረቀቱን እናዋጣለን፤ ጽሕፈቱን እኛው እንጽፋለን። የምንጠይቃቸው ዕውቀታቸውን ነው።

ሦስተኛ፤ በክረምቱ ዕረፍት ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የምንሄድ ተማሪዎች ሁሉ በየአድባራቱ ያሉትን የኔታዎች እጅ ነሥተን አንድ ነገር እንለምን፤ ከመንደሩ ልጃገረዶች መማር የምትሻ ብትመጣ በጉባኤው ዳር ሳይሆን በጉባኤው መካከል ቦታ ይሰጣት። ልመናችን በትሕትና ይሁን፤ እነርሱ አባቶቻችን ናቸው። ግን ደግሞ በፍርሃት አይሁን፤ አባ ፈትለ ሥላሴም አባት ነበሩ፤ የወለተ ጴጥሮስን ማስተማር የደገፉት እርሳቸው ናቸው።

ይህን ሁሉ ሳናደርግ የውጭ ተርጓሚ ሰደበን ብለን ብንቆጣ ቁጣችን ባዶ ይሆናል። አድርገነው ግን ብንከራከር ክርክራችን ክብደት ያገኛል፤ ማንም ይምጣ፥ ማንም ይተርጉም፥ መልስ እንሰጣለን።

አንዲት ሴት ከአራት መቶ ዓመት በፊት በንጉሥ ሸንጎ ፊት ቆማ አሳቧን አልለወጠችም። እኛ ከእርሷ የምንማረው ስለ እርሷ መጮኽን አይደለም፤ እንደ እርሷ መቆምን ነው። የቢቸናና የሞጣ ልጆች ሆይ፥ መጽሐፉ ክፍት ነው፤ ግዕዙ የአባቶቻችሁ ነው፤ በሩ ላይ ቆመው የሚጠብቁት እኅቶቻችሁ ናቸው። በሩን ክፈቱ!